የአገልግሎት መኪናችን ከሥሩ በምን ይጠበቅ? የጋርድ አመራረጥ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለቤተሰብ



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ከመድረክ የሚሰበክ አይደለም፤ ሆኖም በየአጥቢያው የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ሊነሣ የሚገባ፣ ገንዘብም የሚያስወጣ ጉዳይ ነው። ይኸውም ለገጠር አገልግሎት የምናሰማራው ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ከሥሩ በምን ዓይነት መከላከያ ይጠበቅ የሚለው ነው። ብዙዎቻችን ጋርድ የምንለው፣ ከመኪናው ሆድ ሥር የሚታሰረው ብረት ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሳይታሰብበት ከተመረጠ ወይ ሊያድነው የሚገባውን ሳያድን ይቀራል፣ ወይም ራሱ የጉዳት ምክንያት ይሆናል።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ አንድ ነው። ጥሩ ጋርድ ማለት በጣም ወፍራሙ ጋርድ ማለት አይደለም። ጥሩ ጋርድ ማለት ቢመታ መኪናውን ቀጥ የሚያደርገውን ክፍል ለይቶ የሚሸፍን፣ መኪናው ሊሸከመው የሚችል፣ ተፈቶ የሚታጠብና ችግር በደረሰበት ከተማ ሊጠገን የሚችል ማለት ነው። ይህን አንድ በአንድ እንመልከት።

1. ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

በእኛ ክፍለ ከተማ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከሳሪስ ጀምሮ በጎፋና በመካኒሳ አልፎ እስከ ጀሞና ለቡ ድረስ ብዙ አጥቢያዎች አሉ። የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪም የሚገኘው እዚሁ መካኒሳ ነው። ከዚህ አካባቢ ወደ ደቡብ ለመውጣት መንገዱ ቅርብ ነው፤ በጀሞ በኩል ዓለም ገናን ይዞ ወደ ቡታጅራ፣ ከዚያም ወደ ሆሳዕናና ወደ ወላይታ ሶዶ ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ አስፋልት ነው። የመኪናው ሆድ የሚፈተነው ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ገጠር ቀበሌ ሲገባ ነው።

በ1920 ዓ.ም ዶ/ር ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቻቸው ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ደቡብ ሲወርዱ የተጓዙት በበቅሎ ነበር። በቅሎ እግሯን የምታሳርፍበትን ድንጋይ ራሷ ትመርጣለች። መኪና ግን አይመርጥም፤ የሚመርጥለት ሾፌሩ ነው፣ ሾፌሩ ሳያየው ያለፈውን ደግሞ የሚቀበለው ከሥር ያለው ብረት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አጥቢያ ስድስት አገልጋዮችን፣ ጄኔሬተር፣ ድምፅ ማጉያና ፍራሽ ጭኖ መኪናውን ወደ ገጠር ላከ እንበል። ከከተማ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቆ አንድ ድንጋይ የሞተሩን ዘይት መያዣ፣ ማለትም ኮፓውን፣ ሰነጠቀው። ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ሾፌሩ ቀዩን የዘይት መብራት ሳያይ ወይም «ትንሽ ልሂድ» ብሎ ከቀጠለ በክራንክ ሻፍቱ ላይ ያሉት ብሮንዚኖች ዘይት አጥተው ይቃጠላሉ። ሊጠገን ይችል የነበረው ስንጥቅ ሙሉ ሞተር ያስወርዳል። በገጠር ደግሞ የቤተ ክርስቲያን መኪና ለጉባኤ ብቻ አይደለም የሚፈለገው። ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ያው መኪና የሚሆንበት ቀን አለ። መኪናው ተበላሽቶ ሲቆም የሚቸገረው ኮሚቴው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም ጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቀዋል። ከዚህም የተነሣ በእጃችን ያሉትን የናፍጣ መኪኖች ጠብቆ ማቆየት ከበፊቱ ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። በአሥራትና በመባ ገንዘብ የተገዛ መኪና ደግሞ አደራ ነው።

2. ከመኪናው ሥር ምን አለ?

ጋርድ ከመምረጣችን በፊት መኪናው ከሥሩ ምን እንዳለው ማወቅ ይገባል። አንድ ቀን መኪናው ጋራዥ ጉድጓድ ላይ ሲቆም ኮሚቴው ወርዶ ቢያይ ብዙ ክርክር ይቀንሳል። ከፊት ወደ ኋላ ስንሄድ የምናገኛቸው ዋና ዋና ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. የራዲያተሩ የታችኛው ክፍልና የመሪው ዘንጎች፤
ለ. የፊት ዲፈረንሻል፤
ሐ. ኮፓው፤
መ. ካምቢዮውና ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው ትራንስፈር ኬዝ፤
ሠ. የነዳጅ ሰልባትዮው፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች፤
ረ. ማርሚታውና ቱቦው፤
ሰ. የኋላ ዲፈረንሻል።

እነዚህ ሁሉ እኩል አደጋ የለባቸውም። ማርሚታ ቢጨፈለቅ መኪናው እየጮኸም ቢሆን ይደርሳል። ኮፓ ቢሰነጠቅ ግን አይደርስም። የፍሬን ቱቦ ቢቆረጥ ቁልቁለት ላይ የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል እንሸፍን?» ሳይሆን «የትኛው ክፍል ቢመታ ነው የምንቆመው?» የሚል መሆን አለበት። ለብዙ መኪኖች መልሱ ራዲያተር፣ ኮፓ፣ ትራንስፈር ኬዝና ሰልባትዮ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ልዩነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 መሠራት የጀመረው ባለ 70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር የፊት አክሰሉ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ወጥ ነው። በዚህ ዓይነት መኪና ለመሬት ቅርብ የሆነው ክፍል ዲፈረንሻሉ ነው፤ እርሱም ከጎማው ጋር እንጂ ከሻንሲው ጋር አይንቀሳቀስም። በመሆኑም ሻንሲ ላይ የታሰረ ጋርድ ዲፈረንሻሉን አያድነውም። ዲፈረንሻሉ ወፍራም ሆኖ የተሠራው በከፊል ለዚህ ነው። ጋርዱ የሚያድነው ከበላዩና ከኋላው ያለውን ነው።

እንደ ፕራዶና እንደ አዳዲሶቹ ሃይሉክስ ባሉት ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፣ ዲፈረንሻሉም ከሻንሲው ጋር ታስሯል። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሞላው ሲጨመቅ ሙሉ ሆዱ ወደ መሬት ይወርዳል። ቆሞ ስንለካው ያገኘነው ከፍታ ሲሮጥ አይገኝም። ስለዚህ እነዚህ መኪኖች ከፊት ያለው ጋርድ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል።

3. አደጋው ከምን ይመጣል?

በመንገዳችን ላይ ሆድ የሚመታው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም።

የመጀመሪያው በጎማ መሄጃዎች መካከል የሚቀር ጉብታ ነው። የገጠሩን መንገድ የሚቆፍረው አይሱዙና ሲኖትራክ ነው፤ ጎማቸውም ሆዳቸውም ከእኛ መኪና ከፍ ያለ ነው። እነርሱ የቆፈሩት ቦይ ውስጥ ስንገባ መሐል ያለው አፈር ሆዳችንን ይፍቃል። አፈሩ እርጥብ ከሆነ ብዙ አይጎዳም። በበጋ ደርቆ ወይም ድንጋይ ይዞ ከሆነ ግን እንደ ሞረድ ነው።

ሁለተኛው ከጎማ ሥር የሚፈናጠር ልቅ ድንጋይ ነው። ይህ የሚመታው በፍጥነት ስንነዳ ነው። ቱቦዎችንና ሰልባትዮን የሚያገኘው እርሱ ነው።

ሦስተኛው ወንዝ ስንሻገር ውሃው የሸሸገው ድንጋይና ከባንኩ ስንወርድ አፍንጫ የሚመታው መሬት ነው።

አራተኛው ጭቃ ነው። ዋልካ አፈር ድንጋይ ባይሆንም ከጋርዱ በላይ ገብቶ ይጠቀጠቃል፣ ሲደርቅም እንደ ጡብ ይሆናል። ይህን ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

የከተማውም መንገድ አይረሳ። ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ያለ ምልክት የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ለቧንቧ ተቆፍሮ ሳይደፈን የቀረ ቦይ በሰፈራችንም አለ። መኪናቸው ከከተማ የማይወጣ ቤተሰቦችም ኮፓቸውን ሊያጡ ይችላሉ።

4. ምን ዓይነት ጋርድ አለ?

ሀ. ከፋብሪካ የመጣው። ወደ ገጠር እንዲሄዱ የተሠሩ መኪኖች አብዛኞቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ከፊታቸው ሥር ብረት አላቸው፤ ብዙዎቹም ለትራንስፈር ኬዙና ለሰልባትዮው ለብቻ አላቸው። ችግሩ ይህ ብረት ዘይት ሲቀየር ይፈታል፤ አንድ ቡሎን ሲጠፋ «በኋላ ይታሰራል» ተብሎ ግድግዳ ላይ ይደገፋል፣ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የራሱ መኖሩን አረጋግጡ። ከጠፋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። ቀዳዳዎቹ በትክክል ስለሚገጥሙ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል። አስፋልትና ጥሩ ፒስታ ላይ ለሚሄድ መኪና ይህ ይበቃል። በአንዳንድ መኪኖች ግን ከፋብሪካ የመጣው ፕላስቲክ ነው። ያ የተሠራው ለአቧራና ለውሃ እንጂ ለድንጋይ አይደለም።

ለ. በአገር ውስጥ ብየዳ ቤት ከላሜራ የሚሠራ። ይህ ለአብዛኞቹ አጥቢያዎች የሚሆነው ነው። ብረት ሲመታ ይጎብጣል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም፤ በመዶሻ ይቃናል፤ ከተሰነጠቀም ኤሌክትሪክ ባለበት ወረዳ ሁሉ በሚገኝ የብየዳ ማሽን ይበየዳል። ድንጋይ ላይም በቀላሉ ይንሸራተታል። ጉድለቱ ክብደቱና ዝገቱ ነው።

ሐ. ከአሉሚኒየም የተሠራ። ቀላል ነው፣ እንደ ብረትም አይዝግም። ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ድንጋይ ይነክሰዋል፣ ያዝ ያደርጋል። ቢሰነጠቅም በተራ የብየዳ ማሽን በአግባቡ አይበየድም፤ እንደ አርጎን ያለ ጋዝና ልምድ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል። ይህ በአዲስ አበባ ይገኛል፣ በየወረዳው ግን አይገኝም። ከብረት ጋር ሲገናኝና እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ በመካከላቸው ጎማ ወይም ፕላስቲክ ሮንዴላ ያስፈልጋል።

5. ውፍረትና ክብደት

ብዙ ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን በግልጽ እናስቀምጠው። አንድ ካሬ ሜትር ላሜራ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው 23.5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ባለ 4 ሚሊው 31 ኪሎ፣ ባለ 6 ሚሊው 47 ኪሎ ይሆናል። ባለ 6 ሚሊ አሉሚኒየም ግን 16 ኪሎ ብቻ ነው። ለመጎበጥ ያለው ጥንካሬ ከባለ 4 ሚሊ ብረት ጋር ይቀራረባል፣ ክብደቱ ደግሞ ግማሹ ነው። አሉሚኒየም የሚወደደው ለዚህ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከራዲያተር እስከ ትራንስፈር ኬዝ ለመሸፈን 1 በ2 ሜትር የሆነ አንድ ሙሉ ላሜራ ተጠቀምን እንበል። በባለ 4 ሚሊ 63 ኪሎ ይሆናል። በባለ 6 ሚሊ 94 ኪሎ ይሆናል። ባለ 4 ሚሊው አንድ ሰው ያህል ነው። ባለ 6 ሚሊው ደግሞ አንድ ሰው ከነሻንጣው ነው። ይህም ክብደት መኪናው በሄደበት ሁሉ፣ በአስፋልትም በዳገትም፣ ሁልጊዜ ይጫናል። ነዳጅ ይበላል፣ ፍሬን ያስረዝማል፣ የፊቱን ሞላ ወይም ባሌስትራ ያደክማል። ሞላው ሲደክም መኪናው ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ይበልጥ ይመታል። ሆዱን ለመጠበቅ የገዛነው ብረት ሆዱን ወደ ድንጋዩ አወረደው ማለት ነው።

እንደ እኔ ሐሳብ ለተለመደው የገጠር አገልግሎት ከራዲያተርና ከኮፓ ሥር ባለ 4 ሚሊ፣ ከትራንስፈር ኬዝና ከሰልባትዮ ሥር ባለ 3 ሚሊ ይበቃል፤ ጥንካሬው ከውፍረቱ ይልቅ ከአሠራሩ መምጣት አለበት። ጠፍጣፋ ላሜራ ደካማ ነው። ጠርዙ ወደ ላይ ከታጠፈና መሐሉ ላይ ርዝመቱን ተከትሎ መስመር ከወጣለት ግን ቀጭኑም ይጠነክራል። የቤት ቆርቆሮ ቀጭን ሆኖ ሳለ ሰው የሚሸከመው በተሠራበት ቅርጽ ነው።

6. እንዴት ይታሰር?

ጥሩ ብረት ተገዝቶ በመጥፎ አስተሳሰር ሊበላሽ ይችላል። ከብየዳ ባለሙያው ጋር ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የሚከተሉትን ተነጋገሩ።

ሀ. ጋርዱ የሚታሰረው ሻንሲው ላይ ነው፤ ፋብሪካው ባዘጋጃቸው ቀዳዳዎች ቢሆን ይመረጣል። ኮፓው ላይ ወይም ካምቢዮው ላይ ከታሰረ ግን ድንጋዩ የሚመታው ጋርዱን ቢሆንም ግፊቱ በቀጥታ ወደ ኮፓው ይሄዳል።

ለ. ጋርዱ ሻንሲው ላይ አይበየድ። የብየዳ ሙቀት የሻንሲውን ብረት ሊያዳክም ይችላል፤ ጋርዱም ዘይት ለመቀየር እንኳ የማይፈታ ይሆናል። ለድጋፍ ትንሽ ብየዳ የግድ ከሆነ የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች ከሙቀቱ ይጠበቁ።

ሐ. በጋርዱና በኮፓው መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ብረቱ ሲመታ የሚጎብጥበት ቦታ ያስፈልገዋል። ተጣብቆ ከሆነ አብረው ይጎብጣሉ።

መ. ቡሎኖቹ በራሳቸው ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ያለባቸው ይሁኑ። የቡሎኑ ራስ ወደ ታች ወጥቶ ከታየ ድንጋይ ይቆርጠዋል ወይም ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ብረቱ ውስጥ እንዲገባ ይደረግ። ሮንዴላና ጥቂት ግራሶ አይረሳ። ከስድስት ወር በኋላ ሊፈታ ሲፈለግ ጥቅሙ ይታወቃል።

ሠ. ከአንድ በላይ ብረት ከሆነ አደራረቡ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ይታሰብ። የፊተኛው ብረት የኋላ ጠርዝ ከኋለኛው ብረት ሥር ይሁን። በተቃራኒው ከሆነ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ድንጋዩ ጠርዙን ይዞ ይገነጥለዋል።

ረ. ለዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳ፣ ለውሃና ለጭቃ መውጫ ክፍተቶች ይተዉ።

ሰ. ታስሮ ካለቀ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩ። መኪናውን በሙሉ ጭነቱ ጉብታ ላይ ቀስ ብላችሁ አውጡና አውርዱ። የመሪው ዘንግ ወይም አክሰሉ ወደ ላይ ሲመጣ ጋርዱን የሚነካ ከሆነ ሥራው አላለቀም። ይህ ከተማ ውስጥ ሳይታይ ቀርቶ ቁልቁለት ላይ ቢገኝ አደገኛ ነው።

7. ጋርድ ራሱ የሚያመጣው ጉዳት

ጋርድ ካሰርን በኋላ «አሁን ተጠብቋል» ብለን መርሳት የለብንም። የሚያመጣቸውም ችግሮች አሉ።

አንደኛው ሙቀት ነው። በራዲያተሩ በኩል የገባው አየር የሚወጣው በሞተሩ ሥር ጭምር ነው። ከፊት እስከ ኋላ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ አየሩ መውጫ ያጣል። መኪናው ጭነት ይዞ በቆላ ሙቀት ረጅም ዳገት ሲወጣ የሙቀቱ መለኪያ መጨመሩን ልብ በሉ። ከጨመረ ክፍተት ይጨመር።

ሁለተኛው ጭቃ ነው። ዋልካ ከጋርዱ በላይ ተጠቅጥቆ ሲቀር ክብደት ይጨምራል፣ እርጥበት ይዞ ሻንሲውን ያዝጋል፣ የተሽከርካሪ ዘይት ማኅተሞችንም ይበላል። ከክረምት ጉዞ መልስ ጋርዱ ተፈቶ መታጠብ አለበት። ከላይ በውሃ መርጨት ብቻ አይበቃም።

ሦስተኛው ሣር ነው። በቆላ አካባቢ፣ ለምሳሌ በደቡብ ኦሞ፣ በደረቀ ረጅም ሣር መካከል ስንነዳ ሣሩ ከጋርዱ በላይ ይከማቻል። ከማርሚታው ቱቦ ጋር ሲነካካ እሳት ሊነሣ ይችላል። በእንዲህ ያለ መንገድ በየተወሰነው ኪሎ ሜትር ቆሞ ማየትና ማውጣት፣ እሳት ማጥፊያም መያዝ ያስፈልጋል።

አራተኛው የዘይት ፍሳሽን መሸሸጉ ነው። ቀድሞ መሬት ላይ ይታይ የነበረው ጠብታ አሁን ጋርዱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የዘይቱን መጠን በመለኪያው ዘንግ ማየት ከጋርድ በኋላ ይበልጥ ያስፈልጋል።

8. ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖች ጥቂት ቃል

በሰፈራችን የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ስለሆነ ብዙ ቤተሰቦችን የሚመለከት ነገር እንጨምር። በአብዛኞቹ ኤሌክትሪክ መኪኖች ከወለሉ ሥር ያለው ትልቁ ጠፍጣፋ ነገር ባትሪው ነው። ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ውድ የሆነው እርሱ ነው። ኮፓ የላቸውም፣ ነገር ግን ሙሉ ሆዳቸው ጥንቃቄ ይፈልጋል። መልካቸው የገጠር መኪና ቢመስልም ብዙዎቹ ለድንጋያማ መንገድ አልተሠሩም።

እዚህ ላይ ከላይ ያልነውን የብየዳ ቤት ሥራ እንዳለ መውሰድ አይገባም። ከባትሪው ሥር መብሳትም ሆነ መበየድ ፈጽሞ አይደረግ። ጋርድ ከተፈለገም ለዚያው ሞዴል ተለክቶ የተሠራና ፋብሪካው ባዘጋጀው ቦታ ብቻ የሚታሰር ይሁን። ባትሪው በኃይል ከተመታ መኪናው ቢነሣም እንኳ ለባለሙያ ይታይ። የተጎዳ ባትሪ ወዲያው ሳይሆን ቆይቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። እስኪታይ ድረስም ከቤትና ከሌሎች መኪኖች ርቆ ይቁም።

9. ገንዘቡ ለምን ይቅደም?

የአጥቢያ በጀት ሁሉን በአንድ ጊዜ አይችልም። ስለዚህ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የደከመ ሞላና ባሌስትራ ይታደስ፤ ጎማዎቹም ይታዩ። ተገቢ ከፍታውን የያዘ መኪና ከብዙ ድንጋይ በራሱ ያመልጣል። ቀጥሎ የፋብሪካው ጋርድ ይመለስ። ከዚያ የኮፓውና የራዲያተሩ ይጠናከር፤ ከዚያ የትራንስፈር ኬዙና የሰልባትዮው ይከተል። የጎን መከላከያና ትልልቅ የፊት ብረቶች በመጨረሻ የሚመጡ ናቸው፤ ለብዙዎቻችንም አያስፈልጉም።

ከሁሉም በፊት ግን ሾፌሩ ይጠየቅ። መኪናው የት የት እንደሚመታ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያስቸግር የሚያውቀው እርሱ ነው። ኮሚቴው ብረቱን ገዝቶ ሲያበቃ «ይኸው እሰረው» ከሚለው አስቀድሞ አብሮት መኪናው ሥር ቢገባ ይሻላል። ሾፌሩም ጋርድ ስላለው በፍጥነት እንዳይነዳ ሊመከር ይገባል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ጉልበት በአራት እጥፍ ያድጋል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚቋቋመው ብረት በ40 ላይቋቋም ይችላል። ወርዶ መንገዱን በእግር ማየት፣ ድንጋዩን ከመሐል ይልቅ በጎማ መርገጥ ወጪ የማያስወጡ መከላከያዎች ናቸው። አገልጋዮችም «ጉባኤው ይጠብቀናል» እያልን ሾፌሩን ባናጣድፈው መልካም ነው።

በመኪናው ውስጥም ትርፍ የሞተር ዘይት፣ ስንጥቅ የሚደፍን ማጣበቂያ፣ ጥቂት ቡሎንና ዳዶ፣ ክሪክ እና አንድ ደረቅ ሳሙና ይኑር። ሰልባትዮ ትንሽ ቢሰነጠቅ ሳሙናው ስንጥቁ ላይ ሲታሽ ጋራዥ እስኪደረስ ሊይዝ ይችላል። የዘይት መብራቱ ከበራ ግን መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ወዲያው ሞተሩን ማጥፋት። «እስከሚቀጥለው ከተማ» የሚባል ነገር የለም።

ማጠቃለያ

ወገኖች፣ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ መታዘዙን እናስታውሳለን። መከታው የሚሠራው ለቤቱ ውበት ሳይሆን ሰው እንዳይወድቅ ነው። የመኪናችንም ጋርድ እንዲሁ ነው። ማንም አያየውም፣ ለፎቶግራፍም አይሆንም። ጥቅሙ የሚታወቀው ሰዎች እየጠበቁን ባለንበት መንገድ ላይ ድንጋዩ ብረቱን መትቶ መኪናው ጉዞውን ሲቀጥል ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ «ስንት ሚሊ ይሁን?» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መልሱ። መኪናችን በእርግጥ የሚሄደው የት ነው? ሲሄድስ ምን ያህል ይጫናል? ቢጎዳ ማን፣ የት ይጠግነዋል? እነዚህ ከተመለሱ የብረቱ ውፍረት በራሱ ይታወቃል።

እግዚአብሔር መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይጠብቅ። ተባረኩ።